ነጠላዋን የዘቀዘቀችው ሴት፦ የመጀመሪያ የምርመራ ልብ ወለዴን እንዴት ጻፍኩት

መጀመሪያ የጻፍኩት 120 ገጽ ሙሉ በሙሉ ተጥሏል። አንዲት መስመር እንኳ አላስቀረሁም። ስድስት ወር የለፋሁበት ስለነበር ያን ቀን አልቅሻለሁ።

እኔ የምወደው የምርመራ ልብ ወለድ ደም የማይረጭበት ነው። ሰው ይሞታል፣ ግን ሬሳው ላይ ብዙ አንቆይም። ገዳዩን የሚያገኘው ፖሊስ ሳይሆን አንድ ተራ ሰው ነው። ቦታውም አብዛኛውን ጊዜ የሀብታም ቤት ነው። እንግሊዞች ይሄን ነገር ተክነውበታል። የእንግሊዛዊቷ ደራሲ የአጋታ ክሪስቲ ገጸ ባሕርይ ሚስ ማርፕል በረጅም ልብ ወለድ የመጣችው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1930 ነው፤ ሹራቧን እየሠራች፣ ማንም ከቁም ነገር ሳይቆጥራት፣ የመንደሩን ጉድ ሁሉ የምታይ አሮጊት። እኔም እንዲህ ያለች ሴት አዲስ አበባ ላይ ልጽፍ ተነሳሁ።

ስህተቴ ቤቱን ጭምር ከእንግሊዝ ማምጣቴ ነበር። ኦልድ ኤርፖርት ቪላ ውስጥ ቤተ መጻሕፍት ሠራሁ። ደወል ሲደወል ሻይ ይዞ የሚገባ አሽከር አስቀመጥኩ። እንግዶቹ እንዳይወጡ በረዶ መንገድ የሚዘጋበትን ደግሞ በክረምት ዝናብ ተካሁት። አንዲት ጓደኛዬ አንብባ «ሰዎቹ አማርኛ ያወራሉ፣ ግን የት አገር ናቸው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

የረዳኝ ስለ ክሪስቲ የማውቀው ሌላ ነገር ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቶርኪ በሚባል ከተማ ሆስፒታል መድኃኒት ክፍል ሠርታለች። መርዝ በልብ ወለዶቿ የበዛው ስለምታውቀው ነው። እኔስ ምን አውቃለሁ? ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። እኔ የማውቀው ጨርቅ ነው።

እናቴ የሀበሻ ልብስ ሰፊ ናት። ሽሮ ሜዳ ሄዳ ከሸማኔዎቹ ጨርቅና ጥለት ትመርጣለች፣ ትሰፋለች፣ ከዚያ ለደንበኞቿ እቤታቸው ወስዳ ታስለካለች። ልጅ ሆኜ ፌስታሉን የምሸከመው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን የሆነውን እስካሁን አልረሳሁትም። ሴትየዋ እጇን ወደ ጎን ዘርግታ ቆማለች፣ ስልኩን ልጇ ጆሮዋ ላይ ይዛላታለች። እናቴ ተንበርክካ ጠርዙን ታስተካክላለች፣ ሜትሩ አንገቷ ላይ ነው፣ አፏ ውስጥ አምስት ስድስት ስፒል ይዛለች። ሴትየዋ ወንድሟን ከውርስ እንዴት እንደምታስወጣው ለሆነ ሰው በስልክ ትናገራለች። ሁሉንም፣ ከነ ብሩ። እኛ እዚያ የሌለን ያህል። እናቴ ቀና አላለችም፤ ብትፈልግስ፣ አፏ ሙሉ ስፒል ነው፣ ምን ትላለች?

መርማሪዬ እሷ ሆነች። ልብስ ሰፊ መኝታ ቤት ድረስ ትገባለች፤ ማን እንደከሳ፣ ማን እንዳረገዘች፣ ማን ያለፈውን ዓመት ቀሚስ አስጠግና ልትለብስ እንደሆነ ከማንም ቀድማ ታውቃለች።

ቀጥሎ ያስቸገረኝ ተጠርጣሪዎቹን ሁሉ አንድ ቦታ ማሰባሰብ ነበር። መልሱ ዓይኔ ስር ነበር። ሰው ሲሞት እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ አግዳሚው ይደረደራል፣ ሰው ይመጣል። ለቅሶ ቤት ጥሪ አያስፈልግም። ባለ ፋብሪካውም፣ የቀድሞ ሚስቱም፣ የተካሰሰው ሸሪኩም፣ ጫማ ጠራጊውም አንድ ድንኳን ስር ይቀመጣሉ። ያልመጣ ሰው ደግሞ ለምን አልመጣም ተብሎ ይወራበታል። የእንግሊዞቹ በረዶ የሚሠራውን ሥራ የእኛ ይሉኝታ ይሠራዋል። በዚያ ላይ ሦስት ቀን ብቻ አለኝ፤ ሰልስት ካለፈ ድንኳኑ ይነሳል፣ ሰዉም ይበተናል። ታሪኩ የፈጠነው ከዚህ በኋላ ነው።

አሁን ዋናውን ፍንጭ ልንገራችሁ። (መጽሐፉን ልታነቡ የምትፈልጉ ይህን አንቀጽ ዝለሉት።) ሟቹ ሌሊት ሞቶ ያድራል። ቤተሰቡ መርዶውን ለእህቱ የሚነግሩት ሽማግሌ ይዘው ንጋት ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ ሲደርሱ እህትየው በሩን ራሷ ትከፍታለች፣ ወዲያው ትጮሃለች፣ ደረቷን ትደቃለች። ሁሉም አብሯት ያለቅሳል። ልብስ ሰፊዋ ግን አንድ ነገር ታያለች፦ በሩ ሲከፈት ነጠላዋ ቀድሞውኑ ተዘቅዝቋል። ጥለቱ ወደ ላይ ነው። መርዶ ሳይነገራት ሐዘን ለብሳለች።

በዚህ ፍንጭ በጣም ኮርቼ ነበር። ረቂቁን ለሰባት ሰው ሰጠሁ። ትልልቆቹ እዚያው ገጽ ላይ ገዳይዋን ያዟት፤ ቦሌ ያደገች አንዲት ልጅና ዋሽንግተን ያለ የአጎቴ ልጅ ግን ነጠላ መዘቅዘቅ ምን እንደሆነ ጭራሽ አያውቁም። ለአንዱ በጣም ቀለለ፣ ለሌላው በር ዝግ ሆነበት። ሮናልድ ኖክስ የሚባል እንግሊዛዊ ቄስና ደራሲ በፈረንጆቹ 1929 ለምርመራ ልብ ወለድ አሥር ሕግ አውጥቶ ነበር፤ ከነዚያ አንዱ መርማሪው ያገኘው ፍንጭ ከአንባቢው አይደበቅም ይላል። እኔ አልደበቅኩም፣ ግን ለማያውቀው ሰው አለማስረዳት ከመደበቅ በምን ይለያል?

ስለዚህ አርባ ገጽ ወደ ኋላ ተመለስኩ። ለምርቃት ግብዣ የተጣደፈች አንዲት ልጅ ነጠላዋን እንደመጣላት ጣል አድርጋ ስትወጣ አያቷ «ኧረ አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ! ማን ሞተብን ብለሽ ነው ዘቅዝቀሽ የለበስሽው?» ብለው ይቆጧታል። ሰው ስቆ ያልፈዋል። የማያውቀው ተማረ። የሚያውቀውን ለማዘናጋት ደግሞ መርዶው ገጽ ላይ ጩኸቱን፣ የወደቀውን ስኒ፣ የሚያለቅሰውን ሕፃን አበዛሁና ነጠላውን መሃል ላይ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር አሳለፍኩት። አማርኛ ላይ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ያለ ነገር ጎልቶ ይሰማል። መደበቅ የፈለጋችሁትን መሃል አስገቡት።

ቋንቋችን ሌላም ፈተና አለው። በእንግሊዝኛ አንድ ሰው ወደ ክፍሉ ገባ ብሎ ጾታውን ሳይናገሩ ማለፍ ይቻላል። በአማርኛ ግሱ ራሱ ያጋልጣል፤ ገባ ወይ ገባች ነው። መጀመሪያ በሩ ተከፈተ፣ ኮቴ ተሰማ፣ መብራት ጠፋ እያልኩ ሸሸሁ። አንዱ አንባቢ «ሴት ስለሆነች ነው አይደል እንዲህ የምትሸሺው?» አለኝ። አበቃልኝ አልኩ። በመጨረሻ ጉዳዩን ለዘበኛው ሰጠሁት። ጨለማ ውስጥ ከኋላ ያየው ጋቢ የተከናነበ ሰው ነው፣ ስለዚህ ከልቡ «አንድ ሰውዬ ገባ» ይላል። ዘበኛው አልዋሸም፣ እኔም አልዋሸሁም።

ያው ቋንቋ ግን መልሶ ክሶኛል። እህትየው ልብስ ሰፊዋን መጽሐፉን በሙሉ «አንቺ» ነው የምትላት። ነገሩ እንደታወቀባት ስትረዳ ሳታስበው «እርስዎ» ትላታለች። ያንን ቃል ስጽፍ እጄ ተንቀጥቅጧል።

ፍጻሜውን በአፈርሳታ አደረግኩት። በድሮ ጊዜ ወንጀል ሲፈጸም የአካባቢው ሰው አንድ ቦታ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪታወቅ አይበተንም ነበር፤ አውጫጭኝም ይሉታል። ድንኳኑ ውስጥ አንድ አዛውንት «እንግዲህ አውጫጭኝ እንቀመጥ» ሲሉ ማንም ፈረንጅ አገር ያለ መስሎት አያነብም።

የተማርኩት ትልቁ ነገር ግን ስለ ሀብታሞቹ ነው። በመጀመሪያው ረቂቅ ሁሉም ክፉዎች ነበሩ። እናቴ አንብባ ተቆጣችኝ። ባሏ የሞተባት አንዲት ደንበኛዋን አስታወሰችኝ፤ ስድስት ወር ሙሉ የማትለብሰውን ቀሚስ ታሰፋ የነበረችውን። ልብሱን አልነበረም የፈለገችው፣ እናቴ መጥታ አንድ ሰዓት እንድትቀመጥላት ነው። ያቺን ሴት የሟቹ ሚስት አደረግኳት። ከዚያ በኋላ አንባቢዎቼ ማን ገደለ ብቻ ሳይሆን እሷ ምን ትሆናለች ብለው መጠየቅ ጀመሩ። አንድ አሳታሚ ሁለት ሬሳ ጨምሪበት ብሎኝ ነበር። አልጨመርኩም።

አሁን ሁለተኛውን ጀምሬያለሁ። ቦታው ሰርግ ቤት ነው፤ ከሙሽራዋ ወርቅ አንዱ ጠፍቷል። ፍንጩ እስካሁን አልመጣልኝም። ትናንት እናቴን ጠየቅኳት። ስፒሎቹን ከአፏ አወጣችና «የቀሚሱን ጠርዝ እዪ፣ ሴት የምትደብቀውን እዚያ ነው የምትሰፋው» አለችኝ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ጠርዝ እየፈታሁ ነው።