«የት ነው የጠፋባቸው?»

የምሠራው ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ፣ «ክላሲካል ክርስቲያን» ከሚባሉት፣ ላቲንና የጥንቱን የአውሮፓ ትምህርት ከሃይማኖት ጋር ከሚያስተምሩት ትምህርት ቤቶች በአንዱ ነው። ምዝገባ ክፍል ነኝ። ልጃቸውን ለማስገባት የሚያስቡ ወላጆች ሲመጡ በር ላይ እቀበላለሁ፣ ስማቸውን ደረታቸው ላይ እለጥፋለሁ፣ ቡና እሰጣለሁ (ቡና ካሉት)፣ ከዚያ ክፍል ለክፍል አዞራለሁ። ሐበሻ ከመጣ ደግሞ አስተርጓሚም እሆናለሁ። ለእሱ ተጨማሪ አይከፈልም።

ያን ቀን አንዲት ነርስ ከሌሊት ሥራ ወጥታ፣ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር መጣች። የሁለተኛ ክፍል ልጇንና ከአገር ቤት ለጥየቃ የመጡ አባቷን ይዛለች። አለቃዬ የጎብኚዎቹን ዝርዝር አይቶ ገና በጠዋቱ ጠርቶኝ ነበር። «ለእነዚህ ስለ ትምህርት አሰጣጡ ብዙ ውስጥ አትግቢ። ደህንነቱን፣ ዩኒፎርሙን፣ ሥርዓቱን ንገሪያቸው፣ ይበቃል» አለኝ። ያየው ስማቸውን ብቻ ነው። የክፍያ ድጋፍ ማመልከቻውንም ፎልደራቸው ውስጥ ከላይ አድርጎታል። የሌሎቹ ፎልደር ውስጥ ከሁሉም ሥር ነው ያለው።

ነርሷ ፎልደሩን ከፈተች። አየችው። አጠገቧ የተቀመጠችውን ፈረንጅ ፎልደርም በጎን ሰረቅ አድርጋ አየች።

«እኅቴ፣ ይሄ ወረቀት ለሁሉም ከላይ ነው?»

«አይደለም» አልኳት።

አጠፈችውና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ቅናሽ ካለማ ማን ይጠላል።

ከዚያ አለቃዬ ስላይዱን ከፈተ። በዚህ ሥራ ውስጥ ያለ ሰው ስላይዱን ያውቀዋል። መጀመሪያ ዶርቲ ሴየርስ ትመጣለች፤ እንግሊዛዊቷ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1947 ኦክስፎርድ ላይ ባደረገችው ንግግር፣ የመካከለኛው ዘመን ሰዎች ልጅ ያስተምሩበት የነበረው መሣሪያ ጠፍቶብናል ያለችው። ቀጥሎ ሦስቱ ደረጃዎች፤ ትንንሾቹ ይሸመድዳሉ፣ መካከለኞቹ ይከራከራሉ፣ ትልልቆቹ አሳምረው ይናገራሉ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1981 አይዳሆ ውስጥ፣ ሞስኮ በምትባል ከተማ የተከፈተው ሎጎስ ትምህርት ቤት፤ የእኛ ዓይነቶቹ ብዙዎቹ ከእሱ ነው የቀዱት። እኔ ሽማግሌው አጠገብ ቁጭ ብዬ በጆሯቸው እተረጉማለሁ።

«የት ነው የጠፋባቸው?» አሉኝ።

«ምኑ፣ አባቴ?»

«ትምህርቱ ነዋ። ጠፋብን እያለ አይደል?»

«አውሮፓ ይመስለኛል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ለሰው ሐዘን ራስ እንደሚነቀነቀው። ሞስኮ ላይ ሲደርስ ግን ቀና አሉ። ያቺን ገና አልተረጎምኳትም፣ ራሳቸው ናቸው የሰሟት።

«ሞስኮ ነው ያለው?»

«አሜሪካ ያለች ሞስኮ ናት፣ አባቴ።»

«እንዲያ በይኛ። በደርግ ጊዜ ልጆቻችንን ወደዚያ የላኩብን ሃይማኖት እንዲማሩ አልነበረም።»

ሳቄን በሳል ሸፈንኩት። አለቃዬ ውኃ እንዲያመጡልኝ በእጁ ምልክት ሰጠ።

ቀጥሎ ሦስተኛ ክፍል፣ ላቲን። የጉብኝቱ ጉልላት ይሄ ነው። ልጆቹ ይቆማሉ። መምህሩ ጣቱን ሲያነሣ ዴስኩን በመዳፋቸው እየመቱ ይጮኻሉ፤ «አሞ፣ አማስ፣ አማት! አማሙስ፣ አማቲስ፣ አማንት!» ወላጆች ስልካቸውን አውጥተው የሚቀርጹት እዚህ ጋ ነው። አለቃዬም እጁን አጣምሮ ፈገግ የሚለው እዚህ ጋ ነው።

የሽማግሌው ከዘራ ጫፍ ከልጆቹ ምት ጋር ወለሉን ነካ ነካ ማድረግ ጀመረ። እኔ አፌን ሳልከፍት «ግስ ነው» አሉ። «ግስ እያወረዱ ነው።»

«ግስ የት ያውቃሉ፣ አባቴ?»

«ምን ማለትሽ ነው? ዋሸራ አይደለም እንዴ የተማርኩት?»

ጎጃም፣ ዋሸራ። የቅኔው አገር። እኚህን ሰው ስለ ላቲን ግስ ላስረዳቸው ደፋ ቀና የምለው እኔ ነኝ። «ይቅርታ፣ የኔታ» አልኩ። ከዚያ በኋላ አባቴ ማለቴ ቀረ።

«ደግ ነው» አሉ ልጆቹን እያዩ። «መቼ ነው የሚቀኙት?»

ጥያቄውን ለላቲኑ መምህር አቀረብኩለት። በሚማሩት ቋንቋ የራሳቸውን ግጥም መቼ ይሠራሉ አልኩት። ወጣት ነው፣ ጥያቄ ይወዳል። ሃይስኩል ሲደርሱ የጥንቱን ሮማዊ ባለቅኔ ቨርጂልን ያነባሉ አለ።

«የሰውን ማንበብማ ደግ ነው። እኔ የጠየቅሁት የራሳቸውን ነው።»

መምህሩ አለቃዬን አየ። አለቃዬ ገባበት። 12ኛ ክፍል ላይ እያንዳንዱ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ አዘጋጅቶ መምህራን ፊት ቆሞ ይሟገትበታል አለ። የሚኮራበት ነገር ነው፤ ሲናገረው ሁልጊዜ ድምፁን ዝግ ያደርጋል።

የኔታ ሰሙኝ። ትንሽ ቆዩ። «12 ዓመት ተምሮ አንድ?»

ብዙ ጊዜ ስተረጉም የንግግሩን ሹል ሹሉን እየቆረጥኩ ነው። ለሁሉም ሰላም ነው። ያን ቀን ግን ያቺ ከላይ የተቀመጠች ማመልከቻ ከዓይኔ አልጠፋችም። «12 ዓመት ተምሮ አንድ ብቻ?» አልኩት በእንግሊዝኛ። «ብቻ» የተጨመረችው ከእኔ ነው።

የኔታ ቀጠሉ። «እኛ ቅኔውን በጉባኤ ቃና ነው የምንጀምረው። ሁለት ቤት ናት። ቀኑን ሙሉ ቅኔ ስትቆጥር ትውላለህ፣ ማታ ለመምህሩ ትነግራለህ፣ ያርምሃል። ነገ ሌላ ነው። የትናንቱን ይዘህ ብትመጣ ማን ይሰማሃል? እንዲህ እያልክ መወድስ ትደርሳለህ፤ ስምንት ቤት። አላፊ አግዳሚው እኮ ሜዳ ላይ ብቻችንን ስናጉተመትም አይቶ ያበድን ይመስለዋል።»

ልጆቹ ጸጥ ብለው ሽማግሌውን ያያሉ። ስልኮቹም ወደ እሳቸው ዞረዋል። አለቃዬ በጥሞና ሰማና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ክፍያው ስንት ነበር?»

የኔታ ሳቁ። «በእንተ ስማ ለማርያም» አሉት፣ በቀጥታ እሱን እያዩ።

ስለ ደበሎው፣ ስለ አኩፋዳውና ስለ ሰፈሩ ውሻ ለማስረዳት ሰዓት አልነበረኝም። «ነፃ ነበር» አልኩት። የእኛው በዓመት ከ15,000 ዶላር በላይ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ክፍያ ያነሣ ሰው አልነበረም።

በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ታሪኩን ራሱ አለቃዬ አወራው። በእሱ አወራር፣ ሽማግሌውን ገና በር ላይ ሲያያቸው ሊቅ መሆናቸው ገብቶታል። እኔ ደብተሬ ላይ አበባ ስስል ቆየሁ። በመጨረሻ መመሪያ ወጣ፤ ከጉብኝቱ በፊት እያንዳንዱን ቤተሰብ የት እና እንዴት እንደተማረ ጠይቁ ተባለ።

ጥሩ መመሪያ ነው፣ ደግፌዋለሁ። ችግሩ ሰው ሲጠየቅ መመለሱ ነው። ፈረንጁ አባት ስለ ሃይስኩል ፉትቦሉና ስለተሰበረ ጉልበቱ ያወራል። ሚስቱ ስለጠላችው የአልጀብራ አስተማሪ ትቀጥላለች። ክፍሉ ስንደርስ ልጆቹ ላቲኑን ጨርሰው ሳንድዊች እየበሉ ነው። ቀጥሎ የመጣውን ሐበሻ አባት ደግሞ «የት ነው የተማሩት?» ብዬ ብጠይቀው ፊቱ ተለዋወጠ።

«ለምንድን ነው? ኢሚግሬሽን እንኳ እንዲህ አልጠየቀኝም።»

ሚስቱ በክርኗ ጎሸም አደረገችው። እኔም ቡናውን ሰጥቼው ወደ ደህንነቱና ወደ ዩኒፎርሙ ገባሁ። በጣም ደስ አለው።

የነርሷ ልጅ አልተመዘገበችም። አለቃዬ ምክንያቱ ገንዘብ ነው ብሎ ደመደመ። ስደውልላት ግን «ባስ የላችሁማ» አለችኝ። «ሌሊት ሠርቼ ማን ያደርሳታል? አባባ እንደሆነ አገሩ ይገባል።» የሰፈሯ የመንግሥት ትምህርት ቤት ባስ በራቸው ላይ ነው የሚቆመው። ይህንንም ለአለቃዬ ነገርኩት። ስለ ባስ እስካሁን መመሪያ አልወጣም።

ስላይዱ ግን ተለውጧል። ከሴየርስ በፊት አዲስ ገጽ ገብቷል፤ «የኢትዮጵያ የቅኔ ትምህርት ቤት» ይላል። ፎቶው የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ነው፣ ከላይ የተነሣ፣ መስቀሉ ቁልጭ ብሎ የሚታይ። ይሄ ቤተ ክርስቲያን እንጂ ቅኔ ቤት አይደለም አልኩት። ቅኔ ቤት ከፈለግህ የተማሪዎች ጎጆ ፎቶ አመጣልሃለሁ አልኩት። ስላይዱን ትንሽ አየና፣

«ይሄ ያምራል ግን» አለኝ።