ፊትና ጀርባ

ተጠባባቂ ቡድን መሪ ከሆንኩ ወር አልሞላኝም። አለቃችን ለሥልጠና ሲሄድ ወንበሩንና ስድስት ሰው ጥሎብኝ ሄደ። ታኅሣሥ 30 ግማሽ በጀት ዓመቱ ተዘጋ፤ የሠራተኛ ምዘናው ከጥምቀት በፊት ይግባ ተባለ።

ቅጹን የሞላ ያውቀዋል። 60 በመቶው ለሥራ ውጤት፣ 40ው ለባህሪ። ሥራውስ ቁጥር አለው። ባህሪው ነው ጣጣው። ትናንት ምሳ ላይ ያጎረሰኝን ሰው እንዴት ብዬ «ሰዓት አክባሪነት፦ 2» ልበለው? ማታ ቤቴ መላ መታሁ። እውነቱን በቅጹ ጀርባ በእርሳስ ጻፍኩ፣ ለራሴ እንዲወጣልኝ። ፊቱ ላይ ግን በእስክሪብቶ ሁሉንም 97፣ 98 አደረግኋቸው። ጀርባውን ጠዋት በላጲስ አጠፋዋለሁ።

ረሳሁት።

የቢሮው ፕሪንተር ቀለም ከጨረሰ ቆይቷል (እሱን የሚመዝነው የለም)። ጎንደር ፒያሳ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። የጥምቀት ሰሞን ነው፤ ሰው በሰው ላይ ነው። ልጁ «ጋሼ፣ ፊትና ጀርባ ነው?» አለኝ። ጋሼ ያስባለኝ ሹመቱ መሆን አለበት። ስልክ እያወራሁ «አዎ አዎ፣ ቶሎ በል ብቻ» አልኩት።

ለየሰው አንዳንድ ኮፒ አደልኩ። የመዝገብ ቤቷ እናታችን መነጽራቸውን አጠለቁ። ፊቱን አይተው ፈገግ አሉ፣ መረቁኝ። ከዚያ ገለበጡት።

«‹ቡና ላፍላ ብለው ከተነሱ እሳቸውም ፋይሉም አይገኙም›» ብለው ጮክ ብለው አነበቡ። ቀና ብለው አዩኝ። «እህ! እስከ በረካው ተጎልቶ የሚጠጣው ማነው ልጄ?»

ቢሮው ውስጥ ወረቀት ሲገለበጥ ብቻ ይሰማል። ሾፌራችን «እዚሁ አዘዞ ደርሶ ለመመለስ ግማሽ ቀን» የሚለውን ሁለቴ አነበበው። ምንም አላለም። ማታ ግን ሰርቪሱ ሰፈሬን ሳይቆም አለፈ። በባጃጅ ተመለስኩ።

የከፋው ደግሞ ሠራተኛውም ኃላፊውን ይመዝናል። ጥር 13 ከበዓል ስንመለስ ስድስቱም ቅጽ ጠረጴዛዬ ላይ ተደርድሮ ጠበቀኝ። 98፣ 97፣ 98... አንድም የቀነሰኝ የለም።

ጀርባውን እስካሁን አልገለበጥኩትም። በእስክሪብቶ፣ ያውም ተጭነው እንደጻፉ ግን በፊት በኩል ያስታውቃል።