ጋሪው ውስጥ ሕፃን የለም

ከዋሽንግተን ዲሲው ጆርጅታውን ሰፈር ብዙም ሳልርቅ ነው አንዲት የአገሬ ሴት ያስቆሙኝ። "የኔ ልጅ፣ ሕፃኑን ሸፈን አድርገው እንጂ፣ ፀሐዩ እኮ ከባድ ነው!" ሸራውን ገለጥ አድርጌ አሳየኋቸው። ድንኳን፣ የመኝታ ከረጢት፣ ስድስት ሊትር ውኃ፣ በሶ። ትንሽ ዝም ብለው አዩኝና "ምን አጥፍተህ ነው?" አሉኝ።

ምንም አላጠፋሁም እማማ። ኦክቶበር ላይ ከዋሽንግተን ዲሲ ተነስቶ በሜሪላንድ በኩል እስከ ካምበርላንድ የሚዘልቀውን የሲ ኤንድ ኦ (ቼሳፒክና ኦሃዮ) የድሮ የጀልባ ቦይ ዳር መንገድ በስድስት ቀን ልሮጠው አስቤ ነው። 297 ኪሎ ሜትር ነው። አጃቢ መኪና የለኝም፤ የምበላውንም የምተኛበትንም ራሴ ነው የምገፋው። በጀርባዬ ሞክሬው ነበር፣ ስምንት ኪሎ ተሸክሜ 15 ኪሎ ሜትር ሳልሮጥ ትከሻዬ ተላጠ። ስለዚህ ያገለገለ ባለ ሦስት ጎማ የልጅ መሮጫ ጋሪ ገዛሁ።

የዚህ ቅዳሜና እሁድ ልምምድ ሆርስፔን ብራንች እስከሚባለው የድንኳን ማደሪያ ደርሶ፣ አድሮ መመለስ ነበር። ደርሶ መልስ 84 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በየቀኑ አንድ ማራቶን ማለት ነው።

መንገዱ ሜዳ ነው። የቦዩ ቁፋሮ በ1828 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ጀልባዎቹን በገመድ የሚጎትቱት በቅሎዎች ስለነበሩ መንገዱ የተሠራው ለበቅሎ ነው፣ እስከ ካምበርላንድ ድረስ ዳገቱ ሁሉ ቢደመር 184 ሜትር ብቻ። እንጦጦ ላይ ለሮጠ ሰው ይሄ ዳገት አይባልም። ግን እንጦጦን ጋሪ እየገፋሁ አልወጣሁትም።

መጀመሪያ የከዳኝ ክንዴ ነው። ሁለት እጄን ጋሪው ላይ ስጭን እርምጃዬ አጠረ፣ አንገቴ ደረቀ። በኋላ በአንድ እጅ መግፋት ጀመርኩ፤ በየማይሉ የእንጨት ምልክት ስላለ እሱ ጋ ስደርስ እጅ እቀይራለሁ። ማሰሪያውን የእጅ አንጓ ላይ ማጥለቅ ግዴታ ነው፣ ምክንያቱም ጋሪው ካመለጠ ውኃ ውስጥ ነው የሚገባው። የፊት ጎማውንም ቀጥ አድርጎ መቆለፍ ነው፣ አለበለዚያ ትንሽ ፈጠን ሲሉ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል።

ተቆልፎም ግን የኔው ወደ ቀኝ ይጎትት ነበር። ስሄድ በቀኜ ያለው ቦዩ ነው። ስመለስ ደግሞ ፖቶማክ ወንዝ። ግሬት ፎልስ ፏፏቴ ጋ ቆሜ ዕቃውን ሳየው ውኃውን በሙሉ በቀኝ በኩል ነው የደረደርኩት። ከባዱን ዕቃ ወደ ታች፣ ከኋላ ጎማዎቹ በላይ መሐል ላይ አስቀመጥኩት። ተሻለው፣ ግን አልዳነም። ማታ የፊት ጎማውን ማስተካከያ ሩብ ዙር ባዞረው ቀጥ አለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቀኝ ትከሻዬን ያሳመመኝ ይሄ ነው፤ እኔ ደግሞ ጫማዬን ስረግም!

ማደሪያው በነጻ ነው፣ ቀድሞ ለደረሰ፣ አንድ ሌሊት ብቻ። የእጅ ፓምፕ አለ፤ ውኃው በአዮዲን ስለሚታከም መድኃኒት መድኃኒት ይላል፣ በሶ ሲበጠበጥበት ግን ችግር የለውም። ማታ እግሬን ዘርግቼ እናቴን ያናገርኳት ጊዜ ነው የባሰው። "ጋሪ እየገፋሁ ነበር" ብላት "አሜሪካም ሄደህ?" አለች። እስካስረዳት ስልኬ ባትሪ ጨረሰ።

እሁድ ማታ ቤት ገብቼ ዕቃውን አንድ በአንድ መዘንኩ። 21 ኪሎ። ሁለተኛው ጫማ ይቀራል፣ ወፍራሙ ጃኬት ይቀራል፣ ፓምፕ ባለበት መንገድ ስድስት ሊትር ውኃ መግፋት ደግሞ ሞኝነት ነው፣ ሦስት ይበቃል። መለዋወጫ የውስጥ ጎማና መንፊያ ግን አይነኩም፣ እዚያ ጫካ ውስጥ ጎሚስታ የለም። ተቀናንሶ 15 ኪሎ ሆነ።

ጀበናዬ 15ቱ ውስጥ አለች።