የአያቴን የኮሪያ ሜዳይ በማህደራቸው ለማስመዝገብ የሄድኩበት መንገድ

አያቴ ኢትዮጵያ ለኮሪያ ጦርነት በላከችው በሦስተኛው ቃኘው ሻለቃ የመገናኛ ክፍል አሥር አለቃ ሆነው ኮሪያ ዘምተዋል። የአሜሪካ ጦር ስለ ጀግንነታቸው የሸለማቸውን ብሮንዝ ስታር የተባለ ሜዳይ በግል ማህደራቸው ለማስመዝገብ ከጥቅምት 2009 እስከ መጋቢት 2011 ፈጅቶብኛል። እንዲህ ያለ ሜዳይና የምስክር ወረቀት በቤታቸው ያላቸው ቤተሰቦች የእኔን ስሕተት እንዳይደግሙት ስለምፈልግ ይህን እጽፋለሁ።

የምስክር ወረቀቱ የሚለው አጭር ነው። በ1945 ሦስተኛው ቃኘው በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ከ32ኛው ሬጅመንት ጋር ተሰልፎ ነበር። በግንቦት ወር የቻይና ጦር ዮክ እና አንክል የሚባሉትን ቀዳሚ ምሽጎች በሌሊት ሲያጠቃ የስልኩ ሽቦ በሞርታር ተበጣጠሰ፤ አያቴም ሽቦውን በእጃቸው እየዳበሱ በጨለማ ወጥተው፣ ልባሱን በጥርሳቸው እየላጡ፣ ሦስት ጊዜ ቀጠሉት። በሦስተኛው ጊዜ ጭናቸውን በፍንጣሪ ቆስለውም ስልኩ እስኪሠራ ድረስ ከቦታው አልተነሡም። ስለዚያ ሌሊት ሲጠየቁ ብዙውን ጊዜ የሚመልሱት፣ «ስልክ ከሌለ መድፈኛው ዕውር ነው፤ የት እንደሚተኩስ ማን ይነግረዋል?» ብቻ ነበር። በደርግ ዘመን ከኮሚኒስት ጦር ጋር መዋጋት የሚያኮራ ነገር ስላልነበረ ሜዳዩን በሻሽ ጠቅልለው ከሣጥን ሥር አኑረውት ኖረዋል።

የመጀመሪያዎቹ ሥራዎች ቀላል ነበሩ። ሜዳዩን ፎቶ አነሣሁ፣ መታወቂያቸውን ኮፒ አደረግሁ፣ ማመልከቻም ጻፍኩ። አንድ ነገር ግን አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል፤ የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳይ በዘመቻው ለተካፈለ ሁሉ የተሰጠ ሲሆን፣ ብሮንዝ ስታር ግን ለግለሰብ የሚሰጥ ነው። ሪባኑ ላይ የ«ቪ» ፊደል ቅርጽ ያላት ትንሽ ብረት ካለች፣ የተሰጠው በውጊያ ላይ ስለታየ ጀግንነት ነው።

ያቃጠለኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ ዋናውን የምስክር ወረቀት ከነትርጉሙ እንዳስረክብ ታዘዝኩ፤ መመሪያው እንደዚያ ስለሚል እኔም ሳልከራከር አስረከብኩ። በትርጉሙ ላይ የጻፍኩት «ግንቦት 1945» የሚል ብቻ ነበር፤ «ዓ.ም.» የምትለውን እንኳ አልጨመርኩም። መዝጋቢው ዓመቱን የፈረንጅ ነው ብሎ ስለገመተ ስምንት ዓመት ቀንሶ «ግንቦት 1937» ብሎ አሰፈረው። ጦርነቱ የተጀመረው በሰኔ 1942 ነው። በ1937 ግንቦት ኮሪያ ገና በጃፓን ቅኝ አገዛዝ ሥር ነበረች፤ የመጀመሪያው ቃኘው እንኳ ከአገር የወጣው በሚያዝያ 1943 ነው። አንድ ሰው ጦርነቱ ከመጀመሩ አምስት ዓመት አስቀድሞ እንዴት ይቆስላል?

ይህንኑ ለማስረዳት ስመለስ፣ መዝገቡ የሚታረመው በዋናው ሰነድ ብቻ እንደሆነ ተነገረኝ። ዋናው ሰነድ በእነርሱ እጅ ነው ብዬ ስመልስ ማህደሩ ወደ ሌላ ክፍል ተልኳል አሉኝ፤ ሌላው ክፍል ደግሞ አልደረሰኝም አለ። በሁለቱ ቢሮዎች መካከል ለአንድ ዓመት ተመላለስኩ። አንዴ እንዲያውም አብሯቸው የዘመተ ሁለት የሰው ምስክር እንዳመጣ ተጠየቅሁ፤ ከስድሳ አምስት ዓመት በኋላ፣ ያውም በዚያች ሌሊት በዚያ ምሽግ የነበረ! አያቴ በከዘራ ተደግፈው ራሳቸው አብረውኝ በሄዱበት ቀን ቁጭ በሉ ያላቸው አልነበረም። ይህን እስከ ዛሬ ይቅር ማለት አልቻልኩም። በራሴም ላይ ያለኝ ቅሬታ ከዚህ አያንስም፤ ወረቀቱን አሳልፎ የሰጠው እጄ ነውና።

መፍትሔው የመጣው ሜሪላንድ ከምትኖረው የአክስቴ ልጅ ነው። ኮሌጅ ፓርክ በሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የኮሪያ ጦርነት ክፍሎች ሰነዶች ይገኛሉ፤ ሽልማቶችም የሚታወጁት «ጄኔራል ኦርደር» በሚባል የጽሑፍ ትእዛዝ ነው። በአያቴ ስም ስትፈልግ አጣችው፤ ፈረንጆቹ የአባታቸውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ወስደው፣ ያውም በተጣመመ አጻጻፍ፣ መዝግበውት ኖሯል። የትእዛዙ የተረጋገጠ ቅጂ ሲመጣ መዝገቡ ታረመ።

ስለዚህ መመሪያው የፈለገውን ይበል፣ ዋናውን ሰነድ ለማንም አታስረክቡ። በእጃችሁ ይዛችሁ አሳዩ፣ የተረጋገጠ ኮፒ ስጡ፣ እምቢ ካሉም የኃላፊ ፊርማና ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትውጡ። በእያንዳንዱ ቀን ጎን የኢትዮጵያንም የአውሮፓንም ዘመን ጻፉ። ስሙንም በሁሉም ዓይነት አጻጻፍ፣ በአባትና በአያት ስም ጭምር ፈልጉ።

የእርማቱ ደብዳቤ የደረሰኝ በመጋቢት 2011 ሲሆን አያቴ ያረፉት በዚያው ዓመት በጥር ነው። በእነዚያ ዓመታት አጠገባቸው ስቀመጥ የምጠይቃቸው ስለ ቀን፣ ስለ ቁጥርና ስለ ማኅተም ነበር። አንድ ምሽት ጭናቸውን እያሻሹ፣ «እኔንማ ተሸክሞ ያወጣኝ ሌላ ልጅ ነው፤ ሜዳይ የሚገባው ለእርሱ ነበር» አሉኝ። እኔ የነገውን ቀጠሮ እያሰብኩ ስለነበር «እሺ አባባ» ብዬ አለፍኩት። የምስክር ወረቀቱ ስለዚያ ልጅ ምንም አይልም፤ ስሙንም አልጠየቅኋቸውም።