የጋሼ ፊርማ

ከቀትር በኋላ ንፋሱ ተነሣ። ጣና ሲቆጣ ከተማው በሙሉ ይቆጣል፤ በር ይንኳኳል፣ አቧራው ዓይን ያጠፋል፣ እኔንም ያለ ምክንያት ሆድ ይብሰኛል። ስለዚሁ ልጽፍ ስል የአጎቴ ልጅ፣ የዴንቨሯ፣ የአባቷ ይሆን ያለችውን ፎቶ ላከችልኝ። አባቷ ጋሼ በደርግ ዘመን ምን እንደነበሩ ስትጠይቃቸው "እኔ ተማሪ ነበርኩ" ብቻ እያሉ ያሳደጓት ናት፤ ወታደር ነበሩ ይሆን እያልን አብረን እንፈልጋለን።

ጉርድ ፎቶ ነው። ፀጉሩን የተላጨ ወጣት፣ ካኪ ሸሚዝ። ካኪ ብቻውን ምንም አይመሰክርም፤ ያኔ ካኪ ያልለበሰ ማን ነበር? ግን በቀኝ በኩል ከታች ጥጉ ላይ የጎበጠ የወይን ጠጅ መስመር አለ። እሷ ቆሻሻ ነው ብላ በኮምፒውተር ልታጠፋው ነበር። ምን ቆሻሻ፣ ማኅተም ነው እንጂ! መታወቂያ ላይ ማኅተሙ ሲመታ ግማሹ በፎቶው፣ ግማሹ በወረቀቱ ላይ ያርፋል፤ ፎቶው ሲገነጠል ያ ቁራጭ አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ጋሼ ለማስታወሻ የተነሡት አይደለም። መታወቂያው ጠፍቶ ፊታቸው ብቻ ነው የተረፈው። የስልክሽን መብራት ከጎን አስጠግተሽ እንደገና አንሺው አልኳት። ከመስመሩ ሥር "ክ/ጦ" ወጣ። ክፍለ ጦር። ቁጥሩ ከወረቀቱ ጋር ቀርቷል።

ጀርባው ላይ በእርሳስ 12/6/75 ተጽፏል። "ዲሴምበር 1975 ከሆነ አባዬ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር፣ እሱ አይደለም" አለችኝ። ውጭ ያደጉት ሁሉ እዚህ ጋ ይሰናከላሉ። እኛ ዘንድ ቀን ይቀድማል፣ ወር ይከተላል፤ ዓመቱም የእኛው ነው። የካቲት 12 ቀን 1975፣ በእነሱ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1983። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ሰባት ዓመት፣ ከዚያ ወዲያ ስምንት ይደመራል፤ የእኛ ዘመን መለወጫ በእነሱ ሴፕቴምበር 12 በሚውልበት ዓመት ግን ስምንቱ ከታኅሣሥ 22 ይጀምራል። የአሜሪካ ወረቀታቸው ላይ ያለውን የጃንዋሪ 1 ልደት ደግሞ ማመን የለባትም። ትክክለኛ ቀኑን ላላወቀ ስደተኛ የሚሞላ ቀን ነው።

እርሳሱን በእርጥብ ነገር እንዳትነኪው አልኳት፤ ኮፒያ የሚባለው እርሳስ ከሆነ ውኃ ሲያገኘው ወይን ጠጅ ሆኖ ይፈስሳል። የቀሩትን ፎቶዎችም ሙጫ ካለው አልበም በጥፍሯ እንዳትልጥ፦ መጀመሪያ እንዳሉ ታንሣቸው፣ ከዚያ የጥርስ ክር ከጥጉ አስገብታ ቀስ እያለች ወዲያና ወዲህ ትሳበው። እምቢ ካለ ይቅር። ከተቀደደ ፎቶ የተጣበቀ ይሻላል።

ቀኑ ግን አልለቀቀኝም። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ የወጣው በዚያው በ1975 ቢሆንም ኋላ ላይ ነው፤ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ለ6 ወር ሥልጠናና ለ2 ዓመት አገልግሎት የጠራው ማለቴ ነው። በየካቲት ወር ቀድሞ ክፍለ ጦር ውስጥ የነበረ ሰው "በብሔራዊ ወሰዱኝ" ማለት አይችልም። ወይ በሚሊሺያ ኮታ ተለቅሟል፣ ወይ ወድዶ ገብቷል። የሚደበቀው ጦርነቱ ነው ብለን ስንደክም ምናልባት የሚደበቀው ፈቃደኝነቱ ይሆን?

እንዴት ልጠይቀው ትላለች። ዓመት አይጠየቅም፣ "ተዋግተሃል ወይ?" ደግሞ ጭራሽ። በ77ቱ ድርቅ የት ነበርክ ይባላል። በመጋቢት 1980 የደርግ ጦር ናደው እዝ ኤርትራ ውስጥ አፋበት ላይ ሲፈርስ ወሬውን ማን ነገረህ? በየካቲት 1981 የሽሬውን ሽንፈትስ? ሰው ዓመት ቢረሳ የሰማበትን ቦታ አይረሳም። የወታደሩን ከስክስ ነበር ወይስ የታጋዮቹን ኮንጎ ጫማ የምታደርገው ብትለውም ወገኑ ይታወቃል፤ ግን እሱም አያስተማምንም። ከተማረኩት ውስጥ በዚያው ከማረካቸው ጋር የተሰለፉ ነበሩ። አንድ ሰው ሁለቱንም ጫማ ለብሶ ሊሆን ይችላል። በ1983 ጎንደርና ጎጃም ሲያዝ በመተማ አድርጎ ገዳሪፍ የገባው ደግሞ መንገድ ላይ ምን እንደጣለ ራሱ ነው የሚያውቀው።

ሌላ መንገድ አገኘሁ አለችኝ። የአሜሪካ ኢሚግሬሽን የእያንዳንዱን ስደተኛ ፋይል ያስቀምጣል፤ ማመልከቻው፣ ፎቶው፣ አንዳንዴም ቃለ መጠይቁ እዚያ ውስጥ አለ፤ በመረጃ ነፃነት ሕጋቸው ይጠየቃል። ጥሩ። ግን እዚያ የምታገኘው አባቷን ሳይሆን አባቷ ለመኮንኑ የነገሩትን ሰው ነው። ወታደር ነበርኩ ማለት ጥያቄ ያበዛል፤ አልነበርኩም ማለት ውሸት ነው፤ ተማሪ ነበርኩ ግን በመሐል ይሾልካል፣ የሆነ ዘመን ላይ ተማሪ ያልነበረ የለማ። እዚያ አገር ዜግነት በሐሰት ቃል ተገኝቷል ከተባለ ሊነጠቅ ይችላል። አትላንታ ሆቴል ውስጥ ይሠራ የነበረው የደርግ ሹም ቀልቤሳ ነገዎ በእነሱ 2006 ተባርሮ እዚህ መምጣቱን ሐበሻው ሁሉ ሰምቷል። ጋሼን ከእሱ ጋር ማወዳደሬ አይደለም። ዝም ያለ ሰው ሁሉ አፍሮ አይደለም ለማለት ነው፤ ልጁ የምታገላብጠው ወረቀት የቤታቸው መሠረት ቢሆንስ?

ደግሞም በሕይወት ያለ ሰው ፋይል ያለ ራሱ ፊርማ አይሰጥም። ለሞተ የሞት ማስረጃ ይበቃል። ይህን ስነግራት ዝም አለች፤ የማትጽፈውን ገባኝ።

ቆይታ "አንቺ ደውዪላቸው፣ አንቺን ይወዱሻል፣ ስለ ፊርማው አንቺ ንገሪያቸው" ብላ ጻፈች። እኔ! ጋሼን በስልክ "ጤናዎ እንዴት ነው፣ ብርዱ እንዴት ይዞዎታል" ካልኩ በኋላ የሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር የሚጠፋብኝ ሴት? ምን ብዬ ልጀምር፣ ከብርዱ ወደ ክፍለ ጦሩ በየት በኩል ይታለፋል?