ከበር የተመለሰ አይቆጠርም

የእርካታ ጥናታችን ቢጋር፣ ማለትም ምን እንደሚጠናና ማን እንደሚጠየቅ የሚወስነው ሰነድ፣ ስለሚጠየቁት ሰዎች «አገልግሎት አግኝተው የሚወጡ ተገልጋዮች» ይላል። የእርካታ ጥናት ቢጋር ሁሉ እንዲሁ ነው የሚጻፈው። ጥናቱን ያዘዘውም፣ የሚከፍለውም፣ የሚለካውም ያው የአካባቢ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ነው።

መረጃ ሰብሳቢዎቹን መውጫው በር ላይ አቆምን። መጠይቁ የተለመደው ነው፦ ከ1 «ፈጽሞ አልረካሁም» እስከ 5 «በጣም ረክቻለሁ»፤ ሬንሲስ ሊከርት እ.ኤ.አ. በ1932 ካስተዋወቀው ወዲህ ዓለም ሁሉ የሚሠራበት መለኪያ። ገና በጠዋቱ አምስት አምስቱ ተከመረ። አንዲት እናት የመጀመሪያው ጥያቄ ተነብቦ ሳያልቅ፣ «ሁሉንም አምስት አድርጊልኝ የኔ ልጅ፤ ነገም እዚሁ ነኝ» አሉ። ልጅቷም አደረገችላቸው። ይሄ የታወቀ ነው፤ ዶሴው እዚያው ቤት ያለ ሰው ቤቱን አያማም። ቃለ መጠይቁን ከግቢው አርቆ፣ ስም ሳይጽፉ መጠየቅ በመጠኑም ቢሆን ያቃልለዋል።

እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ተቆጣጣሪ ስለነበርኩ የተቀመጥኩት መግቢያው በር አጠገብ ነበር። ጥበቃው በሩን ገርበብ አድርገው ሰዉን ይመልሳሉ። «ስብሰባ ናቸው።» «ሲስተም የለም።» «ይሄ ማኅተም የለውም፣ አስመትተህ ና።» የተመለሰው ሰው መውጫውን በር አያየውም፣ መጠይቃችንም አያየውም።

«ጋሼ፣ ዛሬ ብዙ ሰው መለሱ» አልኳቸው።

«እኔ ምን መለስኩ? የመለሳቸው ስብሰባው ነው» አሉኝ፣ ቅር እንደመሰኘት ብለው።

አንዱን ልጅ ከመውጫው አንስቼ ወደ መግቢያው አመጣሁት። የተመለሱትን ለምን ጉዳይ እንደመጡ፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ፣ ምን ተብለው እንደተመለሱ ይጠይቅ ጀመር። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ኃላፊው አስጠሩኝ።

«ወንድሜ፣ የእናንተ ሥራ የተገልጋይ እርካታ መለካት ነው አይደል?»

«ነው።»

«ያልተገለገለ ሰው ስለ አገልግሎታችን ምን ያውቃል?»

አለማግኘቱም ልምድ ነው፤ ሕንድ አገር፣ ባንጋሎር ከተማ ላይ ሳሙኤል ፖል የሚባሉ ሰው እ.ኤ.አ. በ1994 የዜጎችን የውጤት ካርድ፣ ማለትም ነዋሪው ለመንግሥት አገልግሎት ነጥብ የሚሰጥበትን ጥናት፣ ሲያወጡ ነዋሪውን ቤት ለቤት ነው ያስጠየቁት፤ በሩ ላይ ያልጠበቁት ጉዳዩ የቀናውንም ያልቀናውንም ለማግኘት ነው አልኩ። ትንሽ ንግግር ሳላደርግ አልቀረሁም።

«ባንጋሎር ጥሩ» አሉ። «እነዚህ የተመለሱት ሰዎች ረክተዋል ወይስ አልረኩም?»

«ያው፣ አልረኩም።»

«እኮ! መልሱን ካወቅከው ለምን ትጠይቃቸዋለህ?»

ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁለት ባለሙያዎች ፈገግ አሉ። እኔ አፌ ተያዘ። ያን ያህል ዓመት መጠይቅ ሳዘጋጅ ኖሬ፣ ለዚህች ጥያቄ የሚሆን አንድ ዓረፍተ ነገር አጣሁ።

መልሱ የመጣልኝ ማታ፣ ወደ ቤት ስሄድ ነው፤ አሁንም ድረስ ብቻዬን ስሆን እላቸዋለሁ። መሥሪያ ቤቱ ከበር በመለሰ ቁጥር መውጫው ላይ የሚቀረው ጉዳዩ የቀናለት ብቻ ይሆናል፤ እርካታውም ከፍ ይላል። ቀኑን ሙሉ በሩን ዘግቶ አንድ ዘመዱን ብቻ ያስተናገደ ቢሮ መቶ በመቶ ሊያገኝ ይችላል። የምጠይቃቸውም መርካታቸውን ልሰማ አይደለም፤ ማኅተም ይሁን ስብሰባ፣ የመለሳቸውን ነገር ልሰማ ነው። እንዲህ ማለት ነበረብኝ። ኃላፊው ግን ለዚህም መልስ አያጡም ነበር፤ እንደሳቸው ያለ ሰው ለስብሰባ የተፈጠረ ነው።

የመግቢያው በር ቅጾች «ተጨማሪ ምልከታ» ተብለው ከአባሪው መጨረሻ ገቡ። አማካዩ ላይ አልተደመሩም። ከምክረ ሐሳቦቻችን ሁሉ ቶሎ የተፈጸመው አጥሩ ሥር አግዳሚ ወንበር ይደረግ የሚለው ነው። አሁን የሚመለሱት ተቀምጠው ነው የሚመለሱት። ኃላፊውም ወንበሩን ፎቶ አንስተው «ለተገልጋይ አስተያየት የተሰጠ ፈጣን ምላሽ» ብለው ዓመታዊ ሪፖርታቸው ላይ አወጡት፤ ትንሽ ቆይተውም ከፍ ወዳለ ቦታ ተዛወሩ።

እኔም ትምህርቴን ወሰድኩ፦ ከማን እንደሚጠየቅ መከራከር ቢጋሩ ሳይፈረም ነው። በቀጣዩ ዙር፣ ሌላ መሥሪያ ቤት ሲጠራን፣ ገና ከመነሻው ግማሹ ናሙና ቤት ለቤት ይሁን ብዬ አጥብቄ ተከራከርኩ። ሥራውን ሌላ ድርጅት ወሰደው። ሪፖርታቸውን ሰው አሳይቶኛል፤ አማካያቸው ከእኛው ይበልጣል።