ሣሩ ይዞት የመጣው ጉድ

ዛሬ ከዓሣ ማርቢያ መስታወታችን፣ ከአኳሪየሙ ጋር ስታገል ዋልኩ። ታናሽ ወንድሜ ከጅማው ቦዬ ረግረግ ነቅሎ ያመጣው የውሃ ሣር ለብቻው አልመጣም። ቀንድ አውጣዎቹ ቅጠሉ ሥር ዝልግልግ እንቁላላቸውን ለጥፈዋል። እነሱስ ይሁን፣ አልጌ ይበላሉ። ጉዱ ሌላ ነው! ትንንሾቹ ጉፒ ዓሦች ሲጎድሉ የጠረጠርነው ድመቷን ነበር። ለካ ጠጠሩ ላይ ጭቃ መስሎ የተኛ፣ ኩሬ ዳር የሚበረው የባለ አራት ክንፉ ነፍሳት (የድራጎንፍላይ) እጭ ኖሯል። የታችኛው ከንፈሩ ታጥፎ ይቆይና ዓሣ ሲጠጋ ተወርውሮ ላፍ ያደርጋል። በወረንጦ ሳወጣው እንኳ ይወራጫል። እማዬ «ከነሣሩ ድፉት» አለች።

በጨዋማ ውሃ የሚያረቡትማ የባሰ አለባቸው። ከኮራል ድንጋይ ጋር የሚገባው አይፕታሲያ የሚባል አበባ መሳይ የባሕር እንስሳ ሲቆርጡት ከቁራጩ እንደገና ይበቅላል። የኛው ይሻላል ባካችሁ።

ቀንድ አውጣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር አናግሩኝ፣ በነፃ ነው።